ባለ ሁለት ዓይን ፎቶ

ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትወርዱ፣ ከጫማ ጠጋኞቹ አጠገብ፣ ሙሐዲን የሚባል ሰው አለ። ሥራው ሰውን ከቆመበት ነቅሎ ባልቆመበት ማቆም ነው። ጠንቋይ እንዳይመስላችሁ፤ የቪዲዮ ኤዲተር ነው። ደንበኛው ፎቶውን ያመጣለታል፣ እሱ ሰውየውን በኮምፒውተር ዙሪያውን ቆርጦ ያወጣና ከኋላው የተጠየቀውን ባክግራውንድ ይገጥምለታል። ከሐሙሲት ወጥቶ የማያውቅ ሙሽራ የዱባይ ፎቅ ሥር ይቆማል። ይፋግ ላይ ሽንኩርት የሚነግድ ጎረምሳ አንበሳ ያቅፋል። አንዲት እናትማ ልጄን የአውሮፕላን ክንፍ ላይ አስቀምጥልኝ ብላው፣ «እታለም፣ ይወድቃል እኮ» ቢላት፣ «ታዲያ አጥብቀህ ግጠመዋ!» ብላዋለች።

ሙሐዲን አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ ከሳቸው የወረሰው ትዕግሥቱን ነው። አንድ ጆሮ ዙሪያውን ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እስላሙም ክርስቲያኑም ደንበኛው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሠራ «ሙሐዲን አበላሸብኝ» ያለ ሰው የለም። «ሙሐዲን አሳመረኝ» ብሎ ፎቶው ላይ ዘመዱ ያላወቀው ግን ሞልቷል።

እንግዲህ ወደዚህ ሰው ነው አቶ ብርሃኑ የመጡት።

አቶ ብርሃኑ ሁለት ወፍጮ ያላቸው፣ የቀጋሜዳ ሚካኤል ቤተክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። ቤተክርስቲያኑ ከአራት ዓመት ግንባታ በኋላ አልቆ፣ ለኅዳር ሚካኤል ቅዳሴ ቤቱ ሊከበር ነው። በዕለቱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልም ይታያል ተብሏል። ከመሠረቱ ጀምሮ የቀረጸው ሙሐዲን ነውና የሚያቀናብረውም እሱ ሆነ።

«ሃያ ደቂቃ ይሁን» አሉ አቶ ብርሃኑ ወንበር ስበው። «ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ። በየቦታው እኔን አስገባ።»

«የትኛው ቦታ ላይ ነበሩ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሊቀ መንበር በሁሉም ቦታ ላይ አለ።»

ሙሐዲን አራት ዓመት የቀረጸውን በዓይነ ልቦናው አየው። መሠረቱ ሲቆፈር አቶ ብርሃኑ የሉም። ድንጋይ ሲጋዝ የሉም። ቆርቆሮ ሲመታ የሉም። «እኔ በቀረጽኩት ላይ እንኳ አንድም ቀን አልገቡም፣ አባቴ» አለ በትሕትና።

«ታዲያ ኮምፒውተር የገዛኸው ለምንድነው?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው! ግን ምን ያድርግ፤ ትእዛዝ ነው። አቶ ብርሃኑ በጣታቸው እየቆጠሩ አሥራ አራት ቦታ ነገሩት። መጨረሻው፣ አሉ፣ አዲሶቹ የግድግዳ ሥዕሎች ይሁኑ፤ ከነሱም ጋር ልታይ።

ፎቶ አመጡ። እዚህ ላይ የአቶ ብርሃኑን ፎቶ ታሪክ ማወቅ አለባችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሹመት ፈላጊ «ከጎን ሲታዩ እኮ ሳንቲም ላይ ያለ ንጉሥ ይመስላሉ» ብሏቸው ኖሯል። ሰውየው ሹመቱን አላገኘም፤ አቶ ብርሃኑ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ካሜራ ባዩ ቁጥር አንገታቸው በራሱ ጊዜ ይዞራል። ልጃቸውን ሲድሩ ሙሽሮቹ ወደ ካሜራው፣ እሳቸው ወደ ባሕር ዳር ያያሉ። ስብሰባ ላይ ጎን ናቸው፤ ለቅሶ ላይ ጎን ናቸው። መታወቂያቸው ላይ እንኳ ጎን ናቸው፤ የቀበሌው ልጅ ፈርቶ ዝም ብሎ ማኅተሙን መታው። ስልካቸው ውስጥ ያሉት ሦስት መቶ ፎቶዎች ሁሉ ግራ ጉንጭ ናቸው።

ሙሐዲን ከነዚያ አንዱን መረጠና ሥራ ጀመረ። ፎቶው ቁመት ነው፣ ፊልሙ ወርድ ነው፤ እንዳለ ሲያስቀምጠው ጎንና ጎኑ ባዶ ቀረ። ቆርጦ አወጣቸው። መሠረቱ ጉድጓድ ላይ ሲያቆማቸው ከባሕር ዛፉ በለጡ፤ አሳነሳቸው። ፎቶው ጉልበት ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ እግር አልባ ሆነው አየር ላይ ቀሩ፤ ከድንጋይ ክምር ኋላ ሸጎጣቸው። ሠራተኛው ሁሉ አቧራ ለብሶ እሳቸው በከረባት ሲያብረቀርቁ ጊዜ፣ ትንሽ አቧራ ነሰነሰባቸው። አሥራ አራት ቦታ እንዲህ ሲለፋ ሰነበተ። ሥራው ምንም ባይጎድለውም፣ ደስ አላለውም።

በዚያው ሳምንት አሰለፈች መጣች። የአናጢው የጥላዬ ሚስት ናት። ጥላዬን ለማታውቁት፣ ቀጋሜዳ ሚካኤልን ከመሠረቱ እስከ ጣራው እንጨት ያቆመው እሱ ነው። ቆርቆሮው ሊመታ ሁለት ሳምንት ሲቀር ከዚያው ከጣራው እንጨት ላይ ወድቆ ሞተ። ያን ጊዜ ታናሺቱ ልጁ ትንሣኤ ገና ጡት አልተወችም ነበር፤ አሁን አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ሙሐዲንና ጥላዬ ወዳጆች ነበሩ፤ የሱቁን በር የሠራለት እሱ ነው።

«ወንድም ዓለም፣ ልቸግርህ ነው» አለች አሰለፈች ቆማ።

«ቁጭ በይ እንጂ እታለም፣ ምን ችግር አለው።»

አልተቀመጠችም። «ትንሣኤ አባቴ ምን ይመስላል ትለኛለች። ጠይም ነው፣ ረዥም ነው፣ ፍንጭት ነው እላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ረዥም ጠይም ሰውዬ አይታ ሮጣ እግሩን ያዘችው። ሰውየው ደነገጠ፣ እኔ አፈርኩ፣ እሷ አለቀሰች። እባክህ፣ በዚያ በትልቁ ፊልም ላይ ፊቱን አንዴ ብታሳያት። አንዴ ይበቃኛል።»

ሙሐዲን ከወንበሩ ተነሣ። «ፎቶ አለሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የጥላዬን መታወቂያ ሰጠችው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ፤ በላይዋ ላይ ከግንባር እስከ አገጭ ወይን ጠጅ ማኅተም። ከዚህ ሌላ የለም፤ ጥላዬ ፎቶ አይወድም ነበር። ሙሐዲን ሁለት ቀን ታገለ። ማኅተሙን ሲያነሣ አፍንጫው አብሮ ተነሣ። አሳድገዋለሁ ሲል ፊቱ የጤፍ ማሳ መሰለ። ከቀረጸው ውስጥ ልፈልግ አለና አራት ዓመቱን አገላበጠው፤ ጥላዬ በየቦታው አለ፣ ፊቱ ግን የለም! ጀርባው አለ፣ መዶሻ የያዘ እጁ አለ፣ መሰላል ላይ የወጣ እግሩ አለ። ካሜራ በቀረበ ቁጥር «ሥራ አታስፈታኝ» እያለ ዞር ይል ነበር። አንዱ ለካሜራው ሲል ይዞራል፣ አንዱ ለሥራው ሲል ይዞራል፤ ዓለም እንዲህ ናት።

ቢሆንም ሙሐዲን አቶ ብርሃኑን ወፍጮ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው። ጀርባውም ቢሆን ይሁን፣ ስሙን ጽፌ አንድ ቦታ ላይ ላቁመው አላቸው።

«ነፍሱን ይማር» አሉ አቶ ብርሃኑ። «ግን የኮሚቴ ፊልም ነው። ዛሬ አናጢውን ካስገባን ነገ ውኃ ቀጂዋ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ አህያዋ ትመጣለች።»

አህያዋስ ብትገባ ምን ነበረበት? አለ ሙሐዲን በልቡ። አህያዋ ነበረች! በአፉ ግን «እሺ» ብሎ ወጣ፤ ዝም አይነቅዝም። ለአሰለፈች ሲነግራት እሷም «እሺ» አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ መታወቂያውን መልሳ ቋጥራ ሄደች። ያቺ «እሺ» ሙሐዲንን እንቅልፍ ነሳችው።

ኅዳር አሥር ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ብርሃኑ ፊልሙን ሊያዩ መጡ። አንድ ዓይናቸው የለም! ማለቴ፣ አለ፤ ግን አይታይም። ለእንግዶቹ የሚቀርብ ማር ሲቆረጥ፣ «ማር እንዲህ አይደለም የሚቆረጠው» ሊሉ ቀፎው ላይ ፊታቸውን ደቅነው፣ ንብ የቀኝ ዓይናቸውን ቆብ ነድፋ እንደ ሙልሙል አሳብጣዋለች። አብረዋቸው መሪጌታ ገብረየሱስ መጥተዋል፤ የድጓ መምህር ናቸው፣ የቤተክርስቲያኑን ግድግዳ የሣሉትም እሳቸው ናቸው። አንደበታቸው ለስላሳ ነው፤ ግን መውጋት ያውቃል።

ፊልሙ ተጀመረ። አቶ ብርሃኑ መሠረት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ በከረባት ብቅ አሉ። «አየህ! አለሁ!» አሉ በደኅናው ዓይናቸው እያዩ። ድንጋይ ሲጋዝ አሉ። እንጨት ሲወጣ አሉ። መሪጌታ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። በመጨረሻ ሥዕሎቹ መጡ፤ አቶ ብርሃኑም ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ ተገጥመው ብቅ አሉ።

«ሙሐዲን ልጄ» አሉ መሪጌታ፤ «እዚህ ላይ አቁምልኝ እስቲ።»

አቆመ።

«የአቶ ብርሃኑ ሌላው ዓይናቸው የት ሄደ?»

«ከወዲያ በኩል ነው ያለው፣ አባ። ፎቷቸው በጎን ነው።»

መሪጌታ አማተቡ። «ይኸውልህ፣ አንተ አይፈረድብህም፣ ቤትህ አይደለም። እኛ ሥዕል ስንማር ከሁሉ በፊት የምንማረው ይህን ነው። ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ማነው? ሰይጣን ነው። ይሁዳ ነው። ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው።» ጭራቸውን ዘርግተው ስክሪኑን አሳዩ። «አሁን ተመልከት።»

ሙሐዲን ተመለከተ፤ አላህ ያሳያችሁ! ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ በሁለት ዓይኑ ወደ እኛ ያያል። ከእግሩ ሥር የተረገጠው ሰይጣን በአንድ ዓይኑ ወደ ግራ ያያል። ከሰይጣኑ ጎን አቶ ብርሃኑ በአንድ ዓይናቸው ወደ ግራ ያያሉ። አገጫቸው እንኳ አንድ ነው።

«ወላሂ አላወቅኩም!» አለ ሙሐዲን ከወንበሩ ተነሥቶ። «ወላሂ አባ፣ ሆን ብሎ ነው እንዳይሉኝ።»

«ማን ይልሃል፤ የሰጡህን ነው የገጠምከው።»

አቶ ብርሃኑ ላብ ላብ አላቸው። «ይህን... ባላገሩም ያውቀዋል እንዴ?»

«ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ታውቀዋለች። እርስዎስ ስልሳ ዓመት ሲሳለሙ ምን ሲያዩ ኖሩ?»

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አቶ ብርሃኑ ቤተክርስቲያን ሲገቡ የሚያዩት ማን እንዳያቸው ነው። እንግዲህ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

«አዙረኝ!» አሉ ሙሐዲንን። ሙሐዲን ፎቶውን አገላበጠው፤ በግራ ያዩ የነበሩት በቀኝ ማየት ጀመሩ። አልሸሹም ዞር አሉ፤ ዓይናቸው ያው አንድ ነው። «እንግዲያው ሁለቱንም አድርግ፣ ግራውንም ቀኙንም፤ ሁለት ዓይን ይሆናል» አሉ። ሁለት ብርሃኑዎች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። «አሁን ደግሞ ኃጥኡን ሁለት አደረግኸው» አሉ መሪጌታ። ሁለቱን ገጽ ቢያጣብቃቸው ባለ ሁለት አፍንጫ ፍጥረት ወጣ፤ ሙሐዲን ራሱ ደንግጦ አጠፋው።

«አሁን ፊት ለፊት አንሣኝ በቃ! ካሜራ አይደል ያለህ?»

አነሣቸው። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ፣ ያበጠው ዓይን ተከድኖ፣ ያው ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ከድጡ ወደ ማጡ!

«መሪጌታ፣ ሰዓሊ አይደሉም እንዴ? አንድ ዓይን ይጨምሩልኛ!»

«እኔ የምጨምረው ዓይን ንስሐ ይፈልጋል» አሉ መሪጌታ።

ሙሐዲን እንደ ምንም ደፈረ። «አባቴ፣ እንግዲያው ለምን አይቀርብዎትም? ያለ እርስዎም ፊልሙ ሙሉ ነው።»

«ያለ እኔማ ከታየ ሰዉ ሲሠራ አልነበረም ይለኛል!»

ከውጭ የመናኸሪያው ረዳት «ወረታ! ወረታ!» ሲል ይሰማል። መሪጌታ ግን ድንገት ጋቢያቸውን እያገላበጡ ስልካቸውን ፈለጉ። «ቆዩ እስቲ። የቀሬናው ስምዖን መስቀል ሲሸከም ልሥል አስቤ፣ ሰው እንጨት ሲሸከም ትከሻው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሠራተኞቹን አነሣቸው ነበር። አንድ ቀን አቶ ብርሃኑ ብቅ ብለው ነበር መሰለኝ።» እየፈለጉ፣ እየፈለጉ፣ አንዱ ላይ ቆሙ። «ይኸው።»

ሙሐዲን ስልኩን ተቀብሎ አየ። ጥላዬ ነው! ጣራ ላይ የሚወጣ ረዥም እንጨት ተሸክሞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ይስቃል። ፍንጭቱ ይታያል፣ አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ይታያል፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ያለው አቧራ ይታያል። ከኋላው፣ ከትከሻው በላይ፣ አቶ ብርሃኑ አሉ። እንጨቱ ሲዞር ሊመታቸው መስሏቸው፣ ካሜራውን ረስተው፣ ሁለት ዓይናቸው ፍጥጥ ብሏል።

«አባ፣ ይህን ይዘው ነው እስከ ዛሬ ዝም ያሉት?» አለ ሙሐዲን።

«ጠይቃችሁኝ ነበር? እኔ ትከሻውን ነው ያነሣሁት።»

አቶ ብርሃኑ ስልኩን ነጠቁት። «ይኸው! ሁለት ዓይን! ቆንጆ! በል ከዚህ ቁረጠኝ።»

ሙሐዲን ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አዛውሮ መቁረጥ ጀመረ። አሁን ነው ጉዱ የመጣው። አቶ ብርሃኑ ከአንገታቸው በታች ጥላዬ ናቸው። ጥላዬ ሲወጣ፣ አንድ ራስ፣ አንድ ጆሮና የኮት ትከሻ ቁራጭ ሥጋ ቤት እንደ ተሰቀለ ነገር ተንጠልጥለው ቀሩ። ራሱን ወስዶ በበፊቱ ፎቶ ገላ ላይ ሊተክለው ሞከረ፤ ፊታቸው ወደ እኛ፣ ሆዳቸው ወደ ጎን ሆኖ የተጠመዘዘ ዶሮ መሰሉ። አቶ ብርሃኑ አይተው አንገታቸውን ዳበሱ።

«ምን ይሻላል?» አሉ።

«አናጢው ከሌለ እርስዎ አይቆሙም» አለ ሙሐዲን። ስለ ፎቶው መናገሩ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አቶ ብርሃኑ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ያበጠ ዓይናቸውን በመሐረብ ያዙ። «በል ይግባ! ግን ፊቱን አደብዝዘው። ማን እንደሆነ አይለይ።»

የፊተኛውን አደብዝዞ የኋለኛውን አጥርቶ መተው ለሙሐዲን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለደንበኛ ዋሽቶ አያውቅም። እጁን ማውሱ ላይ አደረገ፣ የጥላዬን ፍንጭት አየ፣ አላህን በልቡ ይቅርታ ጠየቀ። «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» አለ።

«እንዴት ነው እምቢ የሚለው?»

«የፊተኛው ከደበዘዘ የኋለኛውም አብሮ ይደበዝዛል።»

መሪጌታ ጣራውን አተኩረው ማየት ጀመሩ።

«እንዲያ ከሆነ ተወው!» አሉ አቶ ብርሃኑ። «እኔን እንዳትነካ!»

ሙሐዲን በነጋታው ሙሉ ቀን ሠራ። የጎን ፎቶውን ከአሥራ አራቱም ቦታ ነቅሎ ባለ ሁለት ዓይኑን ገጠመ፤ ጥላዬን ከነእንጨቱ፣ ከኋላው አቶ ብርሃኑን። የጥላዬን የፀጉር ጫፍ አንድ በአንድ ቆረጠ። ለአሰለፈች ምንም አልነገራትም፤ ወሬው ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አቶ ብርሃኑ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈራ። ብቻ «ልጅቷን ይዘሽ ከፊት ተቀመጪ» ብሎ ላከባት።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። አቶ ብርሃኑ የዓይናቸው እብጠት ትንሽ ቢጎድልም ጥቁር መነጽር አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጎናቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው። ሙሐዲን ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሟል።

መሠረቱ ጉድጓድ መጣ። በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጥላዬ እንጨቱን ተሸክሞ እየሳቀ ቆመ።

አሰለፈች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማ» አለች ትንሣኤ፤ ድምጿ እስከ ኋላ ተሰማ። «የቱ ነው?»

«የፊተኛው» አለች አሰለፈች። «የሚስቀው።»

ልጅቷ ከእናቷ ጭን ወርዳ ቆመች። ድንጋይ የሚጋዝበት መጣ፤ ጥላዬ አለ። «አባቴ!» አለች። እንጨቱ የሚወጣበት መጣ። «አባቴ!» ቆርቆሮው ሲመታ መጣ፤ ጥላዬ በሕይወቱ ያልደረሰበት ቆርቆሮ፤ እሱ ግን እየሳቀ ቆሟል። «አባቴ!» አምስተኛው ላይ አንዲት ሴት «እልልልል!» አለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሽማግሌዎቹ «ጥላዬ! ነፍስ ይማር፣ ጥላዬ!» እያሉ በመቋሚያ መሬቱን መቱት። ከመሐል አንዲት አሮጊት ጎረቤቷን ጎሸም አድርጋ፣ «ከጥላዬ ኋላ የተደበቀው ሰውዬ ማነው? ምን ቢያስፈራው ነው እንዲህ ያፈጠጠው?» አለች። «እኔ እንጃ፣ ቀን ሠራተኛ ይሆናላ» አለቻት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አቶ ብርሃኑ እልልታው ሲደምቅ ብድግ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እጅ ነሱ። ሕዝቡ «ይቀመጡ፣ ይከልሉናል!» አለ። እስከ ዛሬም እልልታው የሳቸው ይመስላቸዋል። ሰው ሲያገኙ፣ «እንዲህ ያለ ፊልም የትም አልታየም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ አሰለፈች ትንሣኤን ይዛ ሱቁ መጣች። ዛሬ ተቀመጠች። ሙሐዲን ፎቶውን በትልቁ አትሞ፣ ለግድግዳ እንዲሆን አድርጎ ሊሰጣት አስቧል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሳያት። ጠጋ ብላ አየችው።

«ወንድም ዓለም» አለች፤ «እኒህን ከኋላ ያሉትን ሰውዬ ብታወጣቸው፣ ጥላዬ ይጎድልበታል?»

ሙሐዲን ማውሱን ያዘ። ጠቅ፣ ጠቅ። የአቶ ብርሃኑ ራስ ሄደ፣ ጆሯቸው ሄደ፣ የኮታቸው ትከሻ ሄደ። ጥላዬ ከአናቱ እስከ ጫማው፣ ከነእንጨቱ፣ ድፍን ሰው ሆኖ ቆሟል።

«ምንም አልጎደለበትም» አለ።

አሰለፈች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሙሐዲንም ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ የራሱን ጠረገ። «ከኋላው ግን ባዶ ሆነ» አላት። «ምን ልግጠምለት? የፈለግሽውን በይ፣ ሁሉም አለ።»

«ያለቀውን ቤተክርስቲያን አድርግለት። አላየውምና።»

ሙሐዲን ቀጋሜዳ ሚካኤልን ከነአዲሱ ቆርቆሮ፣ ከነጉልላቱ ከኋላው አቆመለት። ሲያምር! ትንሣኤ ወንበሩ ላይ ተንጠላጥላ ቀረብ ብላ አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«እማ፣ ጀርባውን ሰጥቶት እንዴት ያየዋል?»

ሙሐዲን እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። ያልነበረን ያኖራል፣ የነበረን ያወጣል፤ ሰውን ከፎቶ ውስጥ ማዞር ግን አይችልም። አሰለፈች ልጇን ወደ ጭኗ ስባ አስቀመጠቻት።

«እሱንማ ራሱ ሠርቶታል፣ ያውቀዋል» አለቻት። «እኛን ይይ።»